«እግዚአብሔር መፋታትን ይጠላል» ተብላ ከሚመታት ባል ጋር ትኑር? የጥንት ቃል ለዛሬ ጥያቄ እንዴት ነው የሚነበበው?

ዝምታ ሰለቸኝ (ጠያቂ)

ሰላም ወገኖች። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

በጣም የምቀርባት ሴት አለች። ባሏ ይመታታል። አንዴ በንዴት የሆነ ነገር አይደለም፣ ልማድ አድርጎታል። ሃይማኖቷን የምታከብር ሰው ስለሆነች መጀመሪያ የሄደችው የሃይማኖት አባት ዘንድ ነው። መልሱ አጭር ነበር። «እግዚአብሔር መፋታትን ይጠላል፣ ሚልክያስ 2።» ቀጥሎ ማቴዎስ 19 መጣ፣ እግዚአብሔር ያጣመረውን ሰው አይለየው የሚለው። መጨረሻ ላይ 1ኛ ጴጥሮስ 3 ተጨመረ፣ ለባልሽ ተገዢ፣ ጠባይሽን አይቶ ይመለሳል። ጸልዪ ተባለች፣ ታገሺ ተባለች። እሺ ብላ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

እኔ በገንኩ። ይህን ለጓደኞቼ ስነግራቸው ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ በገንኩ። «የሁለትና የሦስት ሺህ ዓመት መጽሐፍ ይዛችሁ የዛሬን ትዳር ልትዳኙ? ተዉት በቃ» አሉኝ። እሷ ግን አትተወውም። እኔም አልተውም። በዚያው መጽሐፍ ነው ደሃ አደግንና መበለትን አታስጨንቁ የሚለውን የተማርኩት። የሠራተኛን ደመወዝ አታሳድር የሚለውንም እንዲሁ።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ስለ ፍቺ የተጻፈውን «ያ ለዚያ ዘመን ነው» ብዬ ካለፍኩት፣ የምወደውን ጥቅስ ሌላው ሰው «እሱም ለዚያ ዘመን ነው» ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? የሚመቸንን መርጠን መያዝ ካልሆነ በቀር መንገዱ ምንድን ነው? መልሳችሁ እነሱ ላይ የምወረውረው የጥቅስ ክምር እንዲሆን አልፈልግም። አነባበቡን ነው የምጠይቀው።

አንድም በሉ

እህቴ፣ መጀመሪያ ሴትዮዋ ዛሬ ማታ የምታድርበት ቤት ደህና ነው? ካልሆነ ይህን ሁሉ ማንበብ ይቆይሽና እሷን አውጫት። ሌላው ነገ ይደርሳል።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። እኔ አንድ ሕግ ሳነብ መጀመሪያ የምጠይቀው «ምን ይላል» ብዬ አይደለም። እሱን ማንም ያነባል። የምጠይቀው «ሲጻፍ ማንን ከማን እየጠበቀ ነበር» ብዬ ነው። የተጠቀሱላትን ሦስቱን በዚህ ዓይን እያቸው።

ሚልክያስ 2። ነቢዩ የሚናገረው ለወንዶች ነው። በልጅነታቸው ያገቧቸውን ሚስቶች ከድተው ለሚያሰናብቱ ወንዶች። እግዚአብሔር በአንተና በልጅነት ሚስትህ መካከል ምስክር ነው፣ አንተም አታለልሃት ይላቸዋል። ተከሳሹ ባል ነው፣ ተበዳይዋ ሚስት ናት። ደግሞ እዚያው 2፥16 ላይ መፋታትን እጠላለሁ ካለ በኋላ ዓረፍተ ነገሩ አይቆምም፣ ልብሱን በግፍ የሚከድነውንም ሰው ይጨምራል። ይህን ግማሽ ያነበበላት ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔ በሕይወቴ ሙሉውን ጥቅስ በትዳር ምክር ላይ ሲነበብ ሰምቼ አላውቅም፣ ሁልጊዜ መሀሉ ላይ ይቆረጣል።

ማቴዎስ 19። የጠየቁት ፈሪሳውያን ናቸው፣ ጥያቄያቸውም «ሰው በሆነው ምክንያት ሁሉ ሚስቱን ሊፈታ ተፈቅዶለታልን?» የሚል ነው። ይህ ከመሬት ተነሥቶ የመጣ ጥያቄ አይደለም። በጊዜው ሂሌልና ሻማይ የሚባሉ የሁለት አይሁድ መምህራን ወገኖች የሚከራከሩበት ጉዳይ ነበር። የሻማይ ወገን በዝሙት ካልሆነ አይቻልም ሲል፣ የሂሌል ወገን ምግቡን ብታበላሽበት እንኳ ይችላል ይል ነበር፣ ይህ ክርክር ሚሽና በሚባለው የጥንት የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ ውስጥ ተጽፎ አለ። የምትባረረው ሴት መሬት የላት፣ ገቢ የላት፣ ወይ ወደ አባቷ ቤት ወይ ወደ ልመና ነው። ኢየሱስ በሩን ሲዘጋ የዘጋው በሚያባርረው ሰው ፊት ነው። እንግዲህ አሁን እዚያው በር ላይ ቁልፉን ለደብዳቢው ሰጥተን እሷን ከውስጥ ቆለፍንባት ማለት ነው። ሕጉ ሊጠብቃት በመጣላት ሴት ላይ ሕጉን ማዞር ይህ ነው።

1ኛ ጴጥሮስ 3 ላይ ደግሞ ቁጥር 7 ድረስ ቢወርዱ ለባሎች የተጻፈ አለ። ሚስቶቻችሁን አክብሩ፣ አለዚያ ጸሎታችሁ ይታገዳል። ባልየውን ጠርቶ «ጸሎትህ ታግዷል» ያለው ሰው አለ? እጠራጠራለሁ።

አሁን ማንም የማይጠቅሰውን ልጥቀስልሽ። ዘጸአት 21፥10-11። በባርነት መጥታ ሚስት ስለሆነች ሴት ነው የሚናገረው። ባልየው ሌላ ቢያገባ እንኳ ምግቧን፣ ልብሷንና የጋብቻ መብቷን አያጓድልባት፣ ካጓደለ ያለ ገንዘብ በነጻ ትውጣ ይላል። የአይሁድ መምህራን ባል ለማንኛዋም ሚስት ያለበትን ግዴታ ሲያወጡ አንዱ መነሻቸው ይህ ነው፣ ለባሪያይቱ ይህ ከተገባ ለነጻይቱማ ምን ይጠየቃል ብለው። እዚያው ምዕራፍ ቁጥር 26 እና 27 ላይ ደግሞ ጌታ ባሪያውን መትቶ ዓይኑን ቢያጠፋ ወይም ጥርሱን ቢሰብር፣ ስለ ጥርሱ በነጻ ይልቀቀው ይላል። ስለ አንድ ጥርስ! በዚያ በጨለማ ዘመን ባሪያ በተሰበረ ጥርስ ነጻ ሲወጣ፣ ዛሬ በዚያው መጽሐፍ ስም የአንድ ሰው ሚስት ጥርሷ እየተሰበረ ተቀመጪ ትባላለች።

ስለዚህ «ያ ለዚያ ዘመን ነው» ማለት አያስፈልግሽም። እንዲያውም ከእነሱ በላይ ጥቅሱን አጥብቀሽ ያዥው።

ጥያቄ ምልክት

አንድም በሉ፣ ጥሩ አድርገህ ጽፈሃል፣ ግን ልቤ አልሞላም። አንተ ጥሩ ሰው ስለሆንክ ጥሩ ነገር አገኘህበት። ያኛው አባት ሌላ ሰው ስለሆነ ሌላ ነገር አገኘበት። መጽሐፉ አንድ ነው። ታዲያ የፈረደው መጽሐፉ ነው ወይስ እናንተ?

የአሜሪካን የባርነት ክርክር ተመልከቱ። ሁለቱም ወገን መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ነው የተሰለፈው። የባርነት ደጋፊዎች ኤፌሶን 6ን ያነባሉ፣ ባሪያዎች ሆይ ለጌቶቻችሁ ታዘዙ። ፊልሞናን ያነባሉ፣ ጳውሎስ የኮበለለውን አናሲሞስን ወደ ጌታው መለሰው ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ዘጸአትንና ነቢያትን ያነባሉ። ነገሩ የተቋጨው በትርጓሜ አይደለም፣ እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865 በተደረገ ጦርነት ነው። መጽሐፉ ለሁለቱም እሺ ካለ ለማንም አልፈረደም ማለት ነው። ለምን በቀጥታ «ሰው መምታት ግፍ ነው» አንልም? ይህን ለማወቅ ዘጸአት 21 ያስፈልገናል እንዴ?

የሌሊት ንባብ

ጥያቄ ምልክት፣ ጠንካራ ነጥብ ነው። ግን መጽሐፉ ለሁለቱም እኩል እሺ ብሏል የምትለው ላይ አልስማማም።

እ.ኤ.አ. በ1807 ለንደን ውስጥ በእንግሊዝ የካሪቢያን ቅኝ ግዛቶች ላሉ ባሪያዎች ተብሎ የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ አለ። ተመርጦ የተቆራረጠ ነው። የእስራኤል ልጆች ከግብፅ ባርነት የወጡበት ታሪክ የለበትም። በክርስቶስ ባሪያ ወይም ጨዋ ሰው የለም የሚለው ገላትያ 3፥28 የለበትም። ለጌቶቻችሁ ታዘዙ የሚለው ኤፌሶን 6 ግን አለ። ከብሉይ ኪዳን አብዛኛው፣ ከሐዲስም ግማሽ ያህሉ ተነሥቷል።

እንግዲህ መጽሐፉ የፈለጉትን ሁሉ የሚል ቢሆን መቀስ ለምን አስፈለገ? ሙሉውን ሰጥቶ መተርጎም ነው እንጂ። የቆረጡት ሙሉው መጽሐፍ በእጁ የገባ ባሪያ ምን እንደሚያነብ ስላወቁ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1850 የወጣውን የአሜሪካ የኮብላዮች ሕግም ልጥቀስ፣ ያመለጠ ባሪያ ለጌታው ይመለስ የሚለውን። ዘዳግም 23፥15-16 ላይ ምን ይላል? ከጌታው ወደ አንተ የኮበለለውን ባሪያ አሳልፈህ አትስጥ፣ በመረጠው ስፍራ ከአንተ ጋር ይቀመጥ፣ አታስጨንቀው። እዚህ ላይ ትርጓሜ እንኳ አያስፈልግም፣ ፊት ለፊት ነው። ሕጉን በጥቅስ ሲደግፉ የነበሩ ሰባኪዎች ይህን ምን ያደርጉት ነበር ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ። ፊልሞናም ቢሆን ቁጥር 16ን ካነበብከው ጳውሎስ የሚለምነው ከእንግዲህ ወዲህ እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም ተቀበለው ብሎ ነው።

ስለዚህ አዎ፣ አንባቢው ይፈርዳል። ግን ጽሑፉም መልሶ ይገፋል። የሚገፋውን ለመሸሽ ሰው ወይ ይቆርጣል ወይ ግማሹን ብቻ ያነባል። እዚህ የጠያቂዋ ወዳጅ ላይ የተደረገውም ያው ነው፣ ልዩነቱ መቀሱ አለመታየቱ ነው።

«ሰው መምታት ግፍ ነው ብለን አንጨርስም ወይ» ላልከው፣ እኔና አንተ እንጨርሳለን። ሴትዮዋ ግን የታሰረችው በጥቅስ ነው። የምትፈታውም እዚያው ገብቶ ቋጠሮውን ባሳያት ሰው ነው። «መጽሐፍሽን ጣዪው» ብትላት ሁለት ምርጫ ብቻ ሰጠሃት፣ እምነትሽ ወይ ሰውነትሽ። ያ አባትም የሰጣት ይህንኑ ነው እኮ።

ቀጥ ያለ መስመር

እኔ ምናልባት እዚህ ካላችሁት ሁሉ ወግ አጥባቂው ነኝ። ጋብቻ የማይፈታ ኪዳን ነው ብዬ አምናለሁ፣ አሁንም። ስለዚህ ከእኔ የምትሰሙት ቅር ሊያሰኛችሁ ይችላል።

አንድም በሉ የተጠቀመበት ዘዴ፣ የሕጉን ዓላማ ፈልጎ በዓላማው መሄድ፣ ጥሩ ነው ግን አደገኛ ነው። ዓላማ ማለት የሚለጠጥ ነገር ነው። ማንም ሰው ቁጭ ብሎ «የዚህ ሕግ ዓላማ እንዲህ ነበር» ብሎ የፈለገውን ሊፈጥር ይችላል። በአራጣ ላይ የሆነውን እዩ። ዘጸአት 22፥25 እና ዘሌዋውያን 25 ለደሃ ወንድምህ በወለድ አታበድር ይላሉ። የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ለብዙ መቶ ዓመታት ወለድን ጨርሳ ከልክላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1179 ሮም ላይ የተደረገው ሦስተኛው የላተራን ጉባኤ በግልጽ አራጣ የሚያበድሩት እንዳይቆርቡና በክርስቲያን ሥርዓት እንዳይቀበሩ ወስኗል። በኋላ የፕሮቴስታንቱ መምህር ካልቪን መጣና በ16ኛው ክፍለ ዘመን ዓላማውን ጠየቀ። ሕጉ ደሃን እንዳይበሉት ነው፣ ነጋዴ ለነጋዴ ለሥራ ቢያበድር ሌላ ነገር ነው አለ። ግን ሁኔታዎችን አስቀመጠ፣ ከችግረኛ ወለድ አይወሰድም የሚል ዋናው ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ሰው ምን አደረገ? ፈቃዱን ይዞ ሁኔታውን ጣለው። ይኸው ዛሬ ከፍተኛውን ወለድ የሚከፍለው ደሃው ነው። በዓላማ ተጀምሮ ዓላማውን በመግደል ተጨረሰ።

ስለዚህ ሁለት ልጓም ያስፈልጋል ባይ ነኝ። አንደኛው፣ ዓላማው ከራሱ ከጽሑፉ ይውጣ እንጂ ከኪሳችን አይውጣ። ብዙ ጊዜ ጽሑፉ ራሱ ምክንያቱን ይናገራል። የደሃን ልብስ በመያዣ ብትወስድ ፀሐይ ሳትገባ መልስለት፣ ሌላ ምን ለብሶ ይተኛል? ብሎ ይጠይቃል ዘጸአት 22፥26-27። ዘዳግም 5 ላይ ሰንበት ለሎሌህና ለገረድህም ዕረፍት ይሁን፣ አንተም በግብፅ ባሪያ እንደነበርክ አስብ ይላል። ይህን ዓይነት ዓላማ ማንም ሊክድ አይችልም። ሁለተኛው ልጓም፣ ይህ ትርጓሜ ዋጋ የሚያስከፍለው ማንን ነው? እኔን ምንም ሳያስከፍለኝ ሌላውን ብቻ የሚያስከፍል ትርጓሜ ሲመጣልኝ እጠረጥረዋለሁ። «ታገሺ» ያሉት ሰዎች አንዳቸውም በጥፊ አልተመቱም።

አሁን ወደ ሴትዮዋ። እኔ ፍቺን የማልቀበለው ሰው እንኳ የምላችሁ፣ ከቤቱ መውጣት ፍቺ አይደለም። 1ኛ ቆሮንቶስ 7 ከጥቅሶቹ ሁሉ ጥብቁ ነው፣ ሚስት ከባሏ አትለያይ ይላል፣ ግን ቁጥር 11 ላይ ብትለያይ ወይ ሳታገባ ትኑር ወይ ትታረቅ ይላል። ተለይቶ መኖር እንደሚመጣ ያውቃል፣ ወዲያውኑ ተመለሽም አይላትም። ዮሐንስ አፈወርቅም ይህንኑ መልእክት ሲተረጉም ሚስቱን የሚመታ ባል ላይ የተናገረው ከባድ ነው፣ ነውሩ የተመቺዋ ሳይሆን የመቺው ነው ይላል። ይህ ሰው ያረፈው እ.ኤ.አ. በ407 ነው። ዘመናዊነት አሳስቶት ነው እንዳይባል።

ደግሞ ዳዊትን አስቡት። ሳኦል ንጉሡ ነው፣ አማቱም ነው፣ በእግዚአብሔር የተቀባ ነው። ጦር ሲወረውርበት ዳዊት ምን አደረገ? ዘወር አለና አመለጠ። ሌሊቱን ሜልኮል፣ ሚስቱ፣ በመስኮት አወረደችው፣ 1ኛ ሳሙኤል 19 ነው። «ለተቀባው ተገዛ፣ ታገስ፣ ጦሩን ጠብቅ» ያለው የለም። ጳውሎስም ደማስቆ ላይ በቅርጫት በቅጥሩ ወርዶ አምልጧል። ከሚገድልህ ሰው መሸሽ በመጽሐፉ ውስጥ ኃጢአት ተብሎ አያውቅም። ለወንድ የተፈቀደው መስኮት ለእሷ ለምን ይዘጋል?

ቂያስ

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ውይይቱ ስቦኝ ነው የገባሁት። እኛም ዘንድ ጥያቄው ያው ነው።

በእኛ የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ትምህርት የሕግን ምክንያት፣ ዒላውን፣ መፈለግ የቆየ ሥራ ነው። ቁርኣን ኸምርን፣ አስካሪ መጠጥን፣ ከለከለ። ዛሬ ያለው አስካሪ ዕፅ ሁሉ በስሙ አልተጠቀሰም፣ ግን ምክንያቱ ማስከር ስለሆነ ክልከላው ወደዚያም ይሄዳል። ቂያስ የሚባለው ይህ ነው። ቀጥ ያለ መስመር የፈራውን ነገር ዑለማዎቻችን፣ ሊቃውንቱ፣ም ፈርተውታል፣ ስለዚህ ዒላ እንዴት እንደሚታወቅ ራሱን የቻለ ረጅም ትምህርት አለ፣ ማንም ተነሥቶ «ምክንያቱ ይህ ነው» እንዳይል። ከነቢዩ በኋላ ሁለተኛው ኸሊፋ (መሪ) የነበሩት ዑመር (ረ.ዐ) በረሃቡ ዓመት የተራበ ሰው ቢሰርቅ እጁ እንዳይቆረጥ ማድረጋቸው ሁልጊዜ ይጠቀሳል። ሕጉን ሻሩት የሚል የለም፣ ሕጉ የሚፈልገው ሁኔታ አልተሟላም ነው የተባለው።

ስለ ሚስት ጉዳይ ደግሞ ሱረቱል በቀራህ 231ን ላንብብላችሁ፣ ትርጉሙን በራሴ አባባል፦ ወሰን ልታልፉባቸው፣ ልትጎዷቸው ብላችሁ አትያዟቸው። እንግዲህ ጉዳትን ለማድረስ ሲባል በትዳር መያዝ ራሱ በስሙ ተጠርቶ ተከልክሏል። የሣቢት ኢብን ቀይስ ሚስት ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥታ ከባሌ ጋር መኖር አልችልም ስትል፣ በጥሎሽ የሰጣትን የአትክልት ቦታ መልሺለት አሏት፣ እሱንም ፍታት አሉት። ቡኻሪ በሚባለው የሐዲስ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ዘገባ እንደሚለው እንዲያውም በጠባዩም በሃይማኖቱም አልነቅፈውም ብላለች። ኹልዕ የሚባለው የሴት መውጫ አንዱ መሠረቱ ይህ ነው። ይህ ሁሉ እያለ እኛም ዘንድ «ሶብር አድርጊ፣ ታገሺ» ተብላ የምትመለስ ሴት ሞልታለች። ስለዚህ ችግሩ የመጻሕፍት ማነስ አይመስለኝም።

ዝምታ ሰለቸኝ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ሁሉንም ደጋግሜ አነበብኩት። አዎ፣ ለጊዜው ከቤቱ ወጥታለች፣ ዘመድ ጋ ናት።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ጽሑፉ ፈጽሞ ያላሰበው ነገር ሲመጣስ? ባልየው ስልኳን ይሰልልባታል፣ የት እንዳለች በስልክ ይከታተላታል። ሙሴ ስልክ አያውቅም። ሁለተኛው የእሷ የራሷ ጥያቄ ነው፣ እንዳለችኝ ላስቀምጠው። «ይቅር ካልኩት መመለስ አለብኝ፣ ካልተመለስኩ ይቅር አላልኩም ማለት ነው» ትላለች። በዚህ ነው ሌሊት የማትተኛው።

አንድም በሉ

ስለ ስልኩ፣ ዘዳግም 22፥8ን ተመልከቺ። አዲስ ቤት ስትሠራ ሰው ወድቆ ደሙ በቤትህ ላይ እንዳይሆን በጣራህ ዙሪያ መከታ አድርግ ይላል። በዚያ አገር ጣራው ጠፍጣፋ ነው፣ ሰው ይወጣበታል። የአይሁድ ሊቃውንት ግን ጣራ ላይ አልቆሙም፣ ተናካሽ ውሻንም የተሰነጠቀ መሰላልንም ቤትህ ውስጥ አታኑር ብለው ከዚሁ ሕግ አወጡ። በእጅህ ያለ ነገር ሰው የሚጎዳ ከሆነ ተጠያቂው አንተ ነህ፣ ነገሩ አዲስ መሆኑ አያድንህም። ስልክም እንደዚያው ነው። ደግሞ ሳኦልስ ሰላይ አልላከም እንዴ? ዳዊት የተደበቀበትን ስፍራ ሁሉ እወቁልኝ እያለ ያስጠይቅ ነበር፣ 1ኛ ሳሙኤል 23። መሣሪያው ይለዋወጣል እንጂ ሥራው ያው ማሳደድ ነው። በተግባር ግን ስልኩን የሚያውቅ ሰው ይይላት፣ ወይ ሌላ ትያዝ፣ ያለችበት ቦታ እንዳይታይ። ዛሬውኑ።

ጥያቄ ምልክት

አልተሸነፍኩም፣ ግን የመቀሱ ነገር አሳስቦኛል። አንድ ነገር ላስመዝግብ። ይህ ሁሉ የሚሠራው ደካማን በሚጠብቁ ሕጎች ላይ ነው። ዘዳግም 20 ላይ የእነዚያን ሕዝቦች ከተሞች ነፍስ ያለበትን አንዳች አታድን የሚለውስ? «ማንን ከማን ይጠብቅ ነበር» ብላችሁ ጠይቁና የምታገኙትን ንገሩኝ። እሱን ለብቻው እከፍተዋለሁ፣ እዚህ የሴትዮዋን ጉዳይ ማደፍረስ አልፈልግም።

የሌሊት ንባብ

ክፈተው፣ እመጣለሁ። ከባድ ነው፣ በሁለት መስመር የሚመለስ አይደለም፣ በሁለት መስመር የመለሰልህን ሰውም አትመነው።

ቀጥ ያለ መስመር

ስለ ይቅርታው ልመልስ፣ ይህ ጥያቄ ልቤን ነክቶታል።

ይቅር ማለትና መመለስ ሁለት ነገር ናቸው። ሉቃስ 17፥3 ወንድምህ ቢበድልህ ገሥጸው፣ ቢጸጸት ይቅር በለው ይላል፣ ተግሣጽም ጸጸትም መሀል ላይ አሉ። ዮሴፍ ወንድሞቹን ይወዳቸዋል፣ ተደብቆ ያለቅሳል፣ ግን ማንነቱን ከመግለጡ በፊት ይፈትናቸዋል፣ ብንያምን እንደ እሱ ይሸጡት እንደሆነ እስኪያይ ድረስ። ይሁዳ በብንያም ፈንታ እኔ ባሪያ ልሁን ብሎ ራሱን ሲያቀርብ ነው የገለጠላቸው። ያም ማለት የተለወጠ ነገር በዓይኑ አይቶ ነው።

ባልየው «ተለውጫለሁ» ማለቱ አይቀርም። ሁሉም ይላሉ። ስለዚህ 1ኛ ሳሙኤል 26ን አንብቢላት፣ ከቁጥር 21 ጀምሮ። ዳዊት ሳኦልን ተኝቶ አግኝቶት ሳይነካው ጦሩን ወስዶ ሄዷል። ሳኦል ይነቃና በድያለሁ ይላል፣ ልጄ ዳዊት ሆይ ተመለስ፣ ከእንግዲህ ወዲህ ክፉ አላደርግብህም ይላል። ዳዊት አልተበቀለውም፣ አልሰደበውም። ጦርህ ይኸውና፣ ከብላቴኖችህ አንዱ መጥቶ ይውሰዳት ነው ያለው፣ ራሱ ይዞለት አልሄደም። ሳኦል ባረከው። ከዚያ ቁጥር 25 ላይ ዳዊት መንገዱን ሄደ፣ ሳኦልም ወደ ስፍራው ተመለሰ ይላል።